«ማሽኑ አርጅቷል» መልስ አይደለም

ለዝግጅት ክፍሉ፦

ጤና ይስጥልኝ። በቴክኖሎጂ ዓምዳችሁ ላይ አንድ አንባቢ የፎቶ ማስተካከያ ሶፍትዌሩ በአሮጌ ኮምፒውተሩ ላይ ድርግም ብሎ እየተዘጋ እንዳስቸገረው ጽፎ አይቻለሁ። የተሰጠው መልስ ሲጠቀለል «ማሽኑ አርጅቷል፣ ቀይረው» የሚል ነው። ይቅርታ አድርጉልኝና ይሄ መልስ አይደለም። ማሽኑ ማርጀቱን ጠያቂው ያውቃል፣ እሱ ራሱ ነው የነገራችሁ። ያልገባው ለምን እንደሚዘጋበት ነው።

እኔም ፎቶ እያስተካከልኩ የምኖር ሰው ነኝ፤ አብዛኛውን ሥራዬን የሠራሁትም ዘመኑ ባለፈበት ማሽን ነው። እርጅና ፕሮግራምን ያዘገያል። ብሩሹ ከእጅ ኋላ ይቀራል፣ ፋይል ሲከፈት ሻይ ጠጥቶ መመለስ ይቻላል፣ ያናድዳል። በድንገት መዘጋት ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ፕሮግራም የሚዘጋው አንድ የተወሰነ ነገር ሲያልቅበት ወይም ሲበላሽበት ነው፤ ያ ነገር ደግሞ ከተፈለገ አብዛኛውን ጊዜ ይገኛል። ብዙ ጊዜም ሳንቲም ሳይወጣበት ይስተካከላል።

ስለዚህ ዓምዳችሁ መጀመሪያ መጠየቅ የነበረበት «መቼ ነው የሚዘጋብህ?» ብሎ ነው። ገና ሲከፈት? ትልቅ ፎቶ ሲገባበት? ዙም ሲደረግ? ጽሑፍ ሲጻፍ? ሴቭ ሲባል? ወይስ ፕሮግራሙ ብቻ ሳይሆን ኮምፒውተሩ ራሱ ነው ጠፍቶ ቁጭ የሚለው? እያንዳንዱ ወደተለያየ ቦታ ነው የሚመራው። «አንዳንዴ ብቻ፣ መቼ እንደሆነ አላውቅም» የሚል መልስ ራሱ መረጃ ነው፤ ወደሱም እመለሳለሁ።

ዊንዶውስ ለምትጠቀሙ፣ ብዙ ሰው ከፍቶት የማያውቅ አንድ ገጽ አለ። በስታርት መፈለጊያው ላይ «ሪላያቢሊቲ» የሚለውን ቃል በእንግሊዝኛ ጻፉ፤ «ቪው ሪላያቢሊቲ ሂስትሪ» የሚል ይመጣል። ሲከፈት ቀናት የተደረደሩበት ሰንጠረዥ ታያላችሁ። ፕሮግራም በተዘጋበት ቀን ላይ ቀይ የኤክስ ምልክት አለ። እሱን ነክታችሁ ዝርዝሩን ስትከፍቱ የፕሮግራሙ ስም፣ ሲዘጋ እየሠራ የነበረው ፋይል («ፎልት ሞጁል» ይለዋል) እና የስህተት ኮድ ተጽፎ ይገኛል። ያቺ የፋይል ስም ወርቅ ናት። በእንግሊዝኛ ፊደል በ«ኤንቪ» ከጀመረች አብዛኛውን ጊዜ የኤንቪዲያ ግራፊክስ ድራይቨር (ዊንዶውስ ካርዱን የሚያሠራበት ሶፍትዌር) ናት፤ በ«አይጂ» ከጀመረች የኢንቴል፤ በ«ኤቲአይ» ወይም በ«ኤኤምዲ» ከጀመረች የኤኤምዲ። የአንድ ፕለጊን (በፕሮግራሙ ላይ የሚጨመር ተቀጥላ) ስም ከሆነ ደግሞ ራሱን አጋልጧል ማለት ነው። አንዳንዴ የዊንዶውስ የራሱ ፋይል ይመጣል። ያኔ ዊንዶውስ ተበላሸ ብላችሁ አትሩጡ፤ ሌላው ያበላሸው ነገር እሱ ጋ ሲደርስ ስለሚፈነዳ ነው ስሙ የሚጻፈው። ኮዱ በ0005 የሚያልቅ ከሆነ ፕሮግራሙ ያልተፈቀደለትን የሚሞሪ ቦታ ሊነካ ሞክሯል ማለት ነው። ይሄ በጣም የተለመደው ኮድ ነው፣ ብቻውን ብዙ አይናገርም።

በእኔ ልምድ አሮጌ ማሽን ላይ ዋናው ተጠርጣሪ ግራፊክስ ካርዱ (ምስሉን ለስክሪኑ የሚያዘጋጀው ክፍል) እና ድራይቨሩ ነው። ድሮ የፎቶ ፕሮግራሞች ሥራውን ሁሉ ለፕሮሰሰሩ ነበር የሚሰጡት። አሁን ዙሙን፣ ገጹን ማዞሩን፣ ብዙ ፊልተሮችን ለግራፊክስ ካርዱ ያስተላልፋሉ። አዲስ ካርድ ላይ ይሄ ፍጥነት ነው። አምራቹ ድራይቨር መሥራት ካቆመለት በቆየ ካርድ ላይ ግን ፕሮግራሙ የሚጠይቀውና ድራይቨሩ የሚያውቀው አይገናኙም። በዚያ ላይ ዊንዶውስ የራሱ ሕግ አለው፦ ካርዱ የተሰጠውን ሥራ ይዞ ለ2 ሰከንድ ያህል መልስ ካልሰጠ፣ ተሰቅሏል ብሎ ድራይቨሩን እንደገና ያስነሳዋል። ደካማ ካርድ ደግሞ ትልቅ ፎቶ ላይ ከባድ ፊልተር ሲጫንበት 2 ሰከንድ በቀላሉ ያልፋል። ስክሪኑ ለአፍታ ጥቁር ይሆናል፣ ሲመለስ ፕሮግራሙ የለም። ሰውየው ግን ስክሪኔ ተበላሸ ብሎ ጥገና ቤት ይሄዳል!

መፈተኛው ቀላል ነው። ፎቶሾፕ ላይ ፕሪፈረንስ ውስጥ «ፐርፎርማንስ» የሚለው ገጽ ላይ «ዩዝ ግራፊክስ ፕሮሰሰር» የሚል ሳጥን አለ። ምልክቱን አንሱት፣ ፕሮግራሙን ዘግታችሁ ክፈቱት፣ ከዚያ ሁልጊዜ የሚዘጋበትን ያንኑ ሥራ ያንኑ ፎቶ ላይ ድገሙት። ካልተዘጋ አገኛችሁት። የሚቀርባችሁ ነገር አለ፤ ገጹን ማዞርና አንዳንድ ፊልተሮች አይሠሩም። ቀለም ማረሙ፣ መቁረጡ፣ ፊት ማጽዳቱ፣ ሌየር (የምስል ንብርብር) መደራረቡ ግን እንዳለ ነው፤ የብዙ ሰው የዕለት ሥራ ደግሞ ይሄው ነው። ሙሉ በሙሉ ማጥፋት ካልፈለጋችሁ በብዙ እትሞች ላይ እዚያው «አድቫንስድ ሴቲንግስ» ውስጥ ድሮዊንግ ሞዱን «ቤዚክ» ማድረግ ይቻላል፣ ከካርዱ የሚወስደው ሚሞሪ ይቀንሳል።

ድራይቨር አፕዴት አድርጉ የሚለው ምክር ግማሽ እውነት ነው። ለአሮጌ ካርድ የመጨረሻው ድራይቨር ሁልጊዜ ምርጡ አይደለም። ችግሩ የጀመረው ዊንዶውስ ራሱን አፕዴት ካደረገ ማግስት ከሆነ ዲቫይስ ማኔጀር ውስጥ ገብታችሁ «ሮል ባክ ድራይቨር» በሉት፣ ወደ ቀድሞው ይመለሳል። ላፕቶፕ ከሆነ አምራቹ ለዚያ ሞዴል ብሎ ያስቀመጠውን ድራይቨር መሞከርም ያዋጣል። ከማታውቁት ድረ ገጽ «ድራይቨር አፕዴት የሚያደርግ» ፕሮግራም ግን አታውርዱ፣ በጭራሽ።

ቀጥሎ ራም፣ ማለትም ፕሮግራሞች ሲሠሩ የሚጠቀሙበት ጊዜያዊ ሚሞሪ ነው። እዚህ ላይ ሰውን የሚያታልለው የፋይሉ መጠን ነው፤ «ፎቶው እኮ 8 ሜጋባይት ናት!» ይላሉ። ጄፔግ እንደታጠፈ ድንኳን ነው፣ የሚይዘው ቦታ የሚታወቀው ሲዘረጋ ነው። ባለ 24 ሜጋፒክስል ፎቶ 6000 በ4000 ነጥብ ነው፤ እያንዳንዱ ነጥብ ለሦስቱ ቀለሞች 3 ባይት ይወስዳል፣ 72 ሜጋባይት መጣ። በ16 ቢት (ለእያንዳንዱ ቀለም 2 ባይት) ከሆነ 144። ሙሉ ፎቶውን በአዲስ ሌየር ኮፒ ባደረጋችሁ ቁጥር ያንኑ ያህል ይጨመራል። በላዩ ላይ ፕሮግራሙ ወደኋላ እንድትመለሱ ብሎ የለወጣችሁትን ሁሉ ይይዛል፤ አዲሶቹ የፎቶሾፕ እትሞች ሳይነኩ 50 እርምጃ ነው የሚያስቀምጡት። አሁን 4 ጊጋባይት ራም ያለውን ማሽን አስቡት፣ ዊንዶውስ ድርሻውን ወስዷል፣ ብሮውዘሩ ከተከፈቱት ገጾች ጋር የራሱን ወስዷል፣ የቀረውን ነው ፎቶሾፕ የሚጣላበት።

ደግሞ 8 ጊጋባይት ራም ኖሮትም የሚዘጋበት ሰው አለ። መጀመሪያ የማየው የተጫነው ፕሮግራም 32 ቢት ነው ወይስ 64 የሚለውን ነው። 32 ቢት ፕሮግራም ማሽኑ የፈለገውን ያህል ራም ይኑረው ከ4 ጊጋባይት በላይ መጠቀም አይችልም፤ ዊንዶውሱም 32 ቢት ከሆነ በተለመደው አሠራር 2 ብቻ ነው የሚደርሰው። አሮጌ ማሽኖች ላይ ከዓመታት በፊት የተጫነ የ32 ቢት እትም ተቀምጦ ይገኛል፣ ባለቤቱ ራም እየገዛ ይጨምራል፣ ፕሮግራሙ ግን የተጨመረውን ጨርሶ አያየውም። ፎቶሾፕ ራሱ በ2018 መጨረሻ ከወጣው እትም ጀምሮ 32 ቢት ዊንዶውስን ትቶታል።

ፐርፎርማንስ ገጹ ላይ ፕሮግራሙ ምን ያህል ራም እንዲወስድ የምትወስኑበት መስመርም አለ። እንደመጣ ከሆነ 70 በመቶ ላይ ነው። ብዙ ሰው ወደ 100 ይጎትተዋል፣ ብዙ ስንሰጠው ብዙ ይሠራል ብሎ። ተቃራኒው ነው የሚሆነው። ለዊንዶውስ ምንም ሳይቀርለት ሲቀር ሁለቱ በዲስኩ ላይ መጓተት ይጀምራሉ፣ መጨረሻው መሰቀል ነው። ባለበት ተዉት። ይልቅ የእርምጃውን ቁጥር ከ50 ወደ 20 ወይም 10 አውርዱ፣ ያለቀላቸውን ሌየሮች አዋህዱ፣ የማትጠቀሙበትን ብሮውዘር ዝጉ፣ ለስልክ ስክሪን የሚሆን ፎቶ በ16 ቢት አትሥሩ። ጊምፕ የሚባለውን የፎቶ ፕሮግራም የምትጠቀሙም «ሲስተም ሪሶርስስ» የሚለው ገጽ ላይ የሚሞሪ ጣሪያውንና የእርምጃውን ቁጥር ታገኛላችሁ፣ ነገሩ ያው ነው።

ራም ሲሞላ ፕሮግራሙ ወደ ዲስክ ይሄዳል። ፎቶሾፕ ይሄንን ቦታ «ስክራች ዲስክ» ይለዋል። ሲ ድራይቩ ጢም ብሎ ሞልቶ ከሆነ ምንም ራም ቢኖር አይረዳም። እዚህ ላይ ዓምዳችሁ ቢጽፈው ደስ የሚለኝ ነገር አለ፦ ፕሮግራሙ በደህና ሲዘጋ ጊዜያዊ ፋይሎቹን ይዞ ይጠፋል፣ ድርግም ብሎ ሲዘጋ ግን ጥሏቸው ይሄዳል። «ፎቶሾፕ ቴምፕ» ከሚል ስም ቀጥሎ ቁጥር ያለባቸው ፋይሎች ናቸው፣ አንዳንዶቹ ብዙ ጊጋባይት የሚይዙ። በተዘጋ ቁጥር አንድ ይጨመራል፣ ዲስኩ ይጠባል፣ ከዚያ በጠበበው ዲስክ ምክንያት እንደገና ይዘጋል። ፕሮግራሙን ዘግታችሁ ቴምፕ ፎልደሩ ውስጥና ስክራች ዲስኩ ላይ ፈልጉና አጥፏቸው። ሁለተኛ ዲስክ ያለው ሰው ስክራቹን ወደዚያ ያዛውር፤ ፍላሽ ላይ ግን እንዳታደርጉት።

«ፎርማት ይደረግ» ስለሚሉት ባለሙያዎችም ልናገር። ፎርማት አንዳንዴ ይሠራል፣ ምን እንደነበረ ግን መቼም አታውቁም፣ ከወር በኋላም ተመልሶ ይመጣል። ከሱ በፊት ሁለት ነገር አለ። አንደኛ፣ ፎቶሾፕን እንዳስነሳችሁ ወዲያው ኮንትሮል፣ አልትና ሺፍትን አንድ ላይ ተጭናችሁ ያዙ፤ የሴቲንግ ፋይሉን ላጥፋው ወይ ብሎ ይጠይቃችኋል። እሺ ካላችሁት እንደ አዲስ ይነሳል። የራሳችሁን ብሩሽና አክሽን አስቀድማችሁ ሌላ ቦታ አስቀምጡ። ገና ሲከፈት ለሚዘጋ ፕሮግራም የምሞክረው መጀመሪያ ይሄንን ነው። ሁለተኛ፣ ዊንዶውስ ላይ አዲስ የተጠቃሚ አካውንት ክፈቱና ከዚያ ሆናችሁ ፕሮግራሙን ሞክሩት። እዚያ በደህና ከሠራ ዊንዶውሱም ማሽኑም ጤነኛ ናቸው፤ ችግሩ ያለው በድሮው አካውንት ሴቲንግ ውስጥ ነው። ይሄ ሙከራ ከፎርማት ጋር ሲነጻጸር ምንም አይደለም።

ጽሑፍ መጻፊያውን ሲነኩ የሚዘጋ ከሆነ ፎንት ነው ብላችሁ ጀምሩ። በቅርብ የጫናችኋቸውን አንሱ፤ ካልታወቀ ግማሹን አንስታችሁ ሞክሩ፣ ከዚያ የቀረውን ግማሽ ግማሽ እያላችሁ አጥብቡት፣ ጥፋተኛው ይለያል። ፕለጊን ከጠረጠራችሁ ሲነሳ ሺፍት ይዛችሁ ፕለጊኖቹን ሳይጭን እንዲከፈት ማድረግ ትችላላችሁ። አንድ ፎቶ ላይ ብቻ ከሆነ የሚዘጋው ፋይሉ ራሱ ነው የተበላሸው፤ በሌላ ፕሮግራም ከፍታችሁ በአዲስ ስም ሴቭ አድርጉት። ሴቭ ሲባል የሚዘጋው ደግሞ ወደ ፍላሽ ወይም ወደ ኔትወርክ ላይ ፎልደር እየላካችሁ ከሆነ፣ መጀመሪያ ማሽኑ ላይ አስቀምጡና በኋላ ኮፒ አድርጉ። ማሽኑ ላይም ከተዘጋ ሃርድ ዲስኩን ተጠራጠሩት፣ ፎቶዎቻችሁንም ዛሬውኑ ሌላ ቦታ ገልብጡ፣ ምርመራው ይደርሳል።

«መቼ እንደሆነ አላውቅም» ወዳልነው እንመለስ። በየጊዜው በተለያየ ቦታ፣ በተለያየ ሥራ ላይ፣ ሪላያቢሊቲው ላይም በተለያየ የፋይል ስም የሚዘጋ ከሆነ ሶፍትዌሩን ተዉት። ራሙ ሊሆን ይችላል። ዊንዶውስ የራሱ «ሚሞሪ ዲያግኖስቲክ» አለው፣ ሪስታርት አድርጎ ይፈትሻል። ሁለት ራም ካለ አንዱን አውጥቶ በሌላው ብቻ መሥራት፣ ከዚያ ማቀያየር፣ የድሮ ግን አስተማማኝ ዘዴ ነው። አንዳንዴ አውጥቶ መልሶ መሰካቱ ብቻ ይበቃል። ኮምፒውተሩ ሙሉ በሙሉ የሚጠፋ ከሆነ ግን ሙቀት ነው ወይም ፓወር ሰፕላይ። ብዙ የላፕቶፕ ፕሮሰሰሮች 100 ዲግሪ አካባቢ ሲደርሱ ራሳቸውን ለማዳን ፍጥነት ይቀንሳሉ፣ ካልበቃም ማሽኑ ይጠፋል። አቧራ የደፈነው ፋን፣ የደረቀ የፕሮሰሰር ቅባት፤ ከዓመታት በኋላ የማይቀር ነው። የፎቶ ፕሮግራም ፕሮሰሰሩን ሙሉ በሙሉ ከሚያሠሩት አንዱ ስለሆነ ችግሩ መጀመሪያ እሱ ላይ ይታያል፣ ሰውም ፕሮግራሙን ይከሳል።

ክራክ የተደረገ (ፈቃዱ ተሰብሮ ሳይከፈልበት የሚሠራ) እትም ለሚጠቀሙ ብዙ የምለው የለኝም። የፕሮግራሙን ፋይሎች ማን እንደነካካቸው አይታወቅም፣ አፕዴት አይቀበልም፣ አብሮት ምን እንደገባም አይታወቅም። እሱን መመርመር ጊዜ ማባከን ነው። ጊምፕና ክሪታ በነጻ የሚገኙ ናቸው፣ በሕጋዊ መንገድ።

አሁን ለእናንተም ፍትሐዊ ልሁን፤ ማሽኑ በእውነት የማይችልበት ጊዜ አለ። በ1ዲ የሚያልቅ የስህተት ኮድ ካያችሁ ፕሮሰሰሩ የማያውቀውን ትእዛዝ ተሰጥቶት ነው የሚሆነው። አዳዲስ ፕሮግራሞች ከጊዜ በኋላ የመጡ የፕሮሰሰር ትእዛዞችን ይጠቀማሉ፤ ለምሳሌ ኤቪኤክስ2 የሚባለው ወደ ኢንቴል ፕሮሰሰሮች የገባው በ2013 ነው። ከዚያ በፊት የተሠራ ማሽን ላይ እሱን የሚፈልግ ፕሮግራም በሴቲንግ አይስተካከልም። ያኔም ቢሆን ግን መጀመሪያ የሚቀየረው የፕሮግራሙ እትም ነው፣ ማሽኑ ቆይቶ ነው። ጊምፕ የቆዩ እትሞቹን ድረ ገጹ ላይ ያስቀምጣል፤ በ2025 የወጣው 3.0 ዊንዶውስ 10ን ይፈልጋል፣ የ2.10 እትሞች ግን ዊንዶውስ 7 ላይም ይሠራሉ። ፎቶፒያ ደግሞ በብሮውዘር የሚከፈት ነው፣ የፎቶሾፕ ፋይልም ያነባል። እሱም ቢሆን የእናንተን ማሽን ራም ነው የሚጠቀመው፣ ተአምር አትጠብቁ።

ገንዘብ ማውጣት ግድ ከሆነ በእኔ ግምት መጀመሪያ ኤስኤስዲ (ከሃርድ ዲስክ የሚፈጥን ማስቀመጫ)፣ ከዚያ ራም ነው። ራም ከመግዛታችሁ በፊት ማዘርቦርዱ እስከ ስንት እንደሚቀበልና ዲዲአር3 ይሁን ዲዲአር4 አጣሩ፣ አንዱ በሌላው ቦታ አይገባም። አንዳንድ ስስ ላፕቶፖች ላይ ራሙ ቦርዱ ላይ የተበየደ ስለሆነ ጨርሶ አይጨመርም።

ይሄ ሁሉ እስኪጣራ ሥራ አይቆምም፣ ስለዚህ ጠያቂው ዛሬውኑ አንድ ነገር ያድርግ። ፎቶሾፕ «ፋይል ሃንድሊንግ» የሚለው ገጽ ላይ መልሶ ማግኛ መረጃን በየስንት ደቂቃው እንደሚያስቀምጥ ይጠይቃል፣ እንደመጣ 10 ነው፣ ወደ 5 ያውርደው። ከዚያ የግራፊክሱን ሳጥን ምልክት አንስቶ ይሞክር። አሁንም ከተዘጋበት ከሪላያቢሊቲ ገጹ ላይ የፋይሏን ስምና ኮዱን ገልብጦ፣ ምን ሲሠራ እንደነበረ ጨምሮ ለዓምዳችሁ ይላክ። እናንተም እባካችሁ እንዳለ አትሙት፤ እኔም ሌሎች አንባቢዎችም አይተን ልንረዳው እንችላለን።

ከአክብሮት ጋር፣
የዘወትር አንባቢያችሁ